ከቀፎ የወጡ

ኅዳር 4

ዳታ መጣ! ባንኮኒው ላይ ያስቀመጥኩት ስልክ በአንዴ ሲንጫጫ ደንግጬ የሳል ሽሮፕ ልጥል ነበር። የሻው፣ «ዘነበች፣ ክብሪቶችሽ ተቀጣጠሉ መሰለኝ» ብሎ ሳቀብኝ። የምሠራበት መድኃኒት ቤት ባለቤት ስለሆነ ዝም አልኩት እንጂ መልሱ አፌ ላይ ነበር።

ይሳቅ። የመካነ ኢየሱስ ሰው ሁሉ ይስቃል። የተማረች ሴት ባዶ የክብሪት ቀፎ ትለቅማለች ይላሉ። ሰው ክብሪቱ ሲያልቅ የሚወረውረውን አነሣለሁ፣ አቧራውን አራግፌ ሥዕሉን አያለሁ። አንበሳ አለበት፣ ጋሻ አለበት፣ አውራ ዶሮ አለበት። ከእኔ ሌላ እንዲህ ያለ እብድ የለም ስል ጋሼ ጥበቡ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፈቱ፤ ስሙንም «ቀፎ» አሉት። ለካስ የእኔ ብጤ እብድ ሞልቷል። ከጎንደር ዓለምጸሐይ መጣች፣ ከደብረ ታቦር አብርሃም፣ ሌሎችም።

ዛሬ ስከፍተው ግን ቤቱ የማን እንደሆነ ጠፋኝ። ቀፎ ሲባል ግማሹ ሰው የስልክ ቀፎ ይመስለዋል፣ ግማሹ የንብ። አንዱ መስተዋቱ የተሰነጠቀ ስልክ ይሸጣል። አንዱ «ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ» ይላል። ከሥሩ «ስንት ነው?» «መጨረሻው ስንት?» ብቻ። ሰው ይብዛ ብዬ በሩን የከፈትኩት እኔው ነኝ፤ ጋሼ አድሚንነቱን ለእኔ ሰጥተውኛል። ነጋዴ ይገባል ብዬ መች አሰብኩ።

የዓለምጸሐይ ድምፅ የለም። አብርሃም ጭራሽ ወጥቷል። «አብርሃም ግሩፑን ለቀቀ» የምትል ቀጭን ጽሑፍ አለች፣ በቃ። ደህና ሁኑ እንኳ አላለም። አምና ያወጣት ቀፎ አዲስ ታትማ አሮጌ የተባለች ናት ብዬ ሰው ፊት ነግሬው ነበር፣ ግን እውነቱን ነው የተናገርኩት። በእውነት የሚከፋ ሰው ይከፋ።

ይሂዱ! ምን ቆርጦኝ ነው የምለምናቸው።

ኅዳር 5

ለአብርሃም ጻፍኩለት። አይቶታል። አልመለሰም።

ኅዳር 9

ጋሼ ጥበቡ እስካሁን ብቅ አላሉም። እሳቸው ያሉበት ወገዳ ዳታው ገና ይሆናል።

ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ይህን ሁሉ ዓመት በስልክ ስናወራ ፊት ለፊት ተያይተን አናውቅም። ወገዳና መካነ ኢየሱስ፣ ቅርብ ለቅርብ ሆነን! ሰው ቢሰማ ይስቃል። አንድ ጊዜ ልሄድ ተነሥቼ ጭቃው መለሰኝ። አንድ ጊዜ መንገዱ ተዘጋ። ሌላውን ጊዜ እንጃ፣ ሌላውን ጊዜ አልሄድኩም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ቀፎ ከነታሪኩ ያወጡልን ነበር። «ይቺ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ የጠመኔ ስብርባሪ ያስቀመጥኩባት ናት።» «ይቺ የሠርጌ ለት ፋኖሱን የለኮሰች ናት፤ እሳቱን ባለቤቴ ወሰደችው፣ ቀፎው ለእኔ ቀረ።» ስንስቅ፣ ስንጽፍ እንውላለን። በኋላ በኋላ ግን ጋሼ ባወጡ ቁጥር ከሥሩ «ስንት ነው?» የሚል መምጣት ጀመረ። «የሚሸጥ አይደለም ልጄ» ብለው ይመልሳሉ። ያ ሰው መልሶ «በል ዋጋ ጥራ» ይላቸዋል፤ አንተ እያለ! አያቸው ነበር። ሰዎቹን ማስወጣትም እችል ነበር። ግን የአባሉ ቁጥር ሲቀንስ ደስ አይለኝም።

አንድ እሑድ ጋሼ ምንም ሳያወጡ ቀሩ። በሚቀጥለውም። ከዚያ ኔትወርኩም ጠፋ። አሁን ሁሉም በኔትወርኩ ተሳበበ።

ኅዳር 13

ጋሼ ጥበቡ። ውይ፣ ጋሼ ጥበቡ።

ደወልኩላቸው፣ ልጃቸው ሜላት አነሣችው። ድምፁ ይቆራረጣል። «ጋሼን አቅርቢልኝ» አልኳት። «አባየ አረፍ… ዋል» አለች። «ምን?» ብዬ ጮህኩ። «ሌሊቱን ሲያማቸው አድሮ… አረፍ… ዋል… በኋላ…» ተቆረጠ። ብደውል ብደውል ማግኘት አልተቻለም ይላል።

አርፈዋል። ሳላያቸው። የሻው ውኃ ሰጠኝ። መሥራት አልቻልኩም።

ማታ

ለግሩፑ ጻፍኩ። «ድምፅዎን አንዴ ብቻ ብሰማ» ብዬ እያለቀስኩ ነው የጻፍኩት፣ ፊደሉ ሁሉ ይደባለቅብኛል። ለቅሶ እንዳልደርስ ወገዳ መኪና የለም አሉኝ፣ መንገዱ አይታመንም። ለማን ሄጄ ላልቅስ? እዚህ ማን ያውቃቸዋል? የክብሪት ጓደኛዬ ሞቱ ብል ማን ደረቱን ይመታልኛል?

ኅዳር 14

ዓለምጸሐይ መጣች! «ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፣ አባቴ ነበሩ» አለች። አብርሃም ተመልሶ ገባ። ድምፁን ቀድቶ ላከ፣ ትልቅ ሰውዬ ስቅስቅ ብሎ ያለቅሳል። ጠፍተው የነበሩ ሁሉ አንድ በአንድ መጡ።

ኅዳር 17

ነጋዴዎቹን ሁሉ አስወጣኋቸው። እንዲህ ቀላል ነበር ለካ። አሁን የክብሪት ሰዎች ብቻ ቀርተናል። ሁሉም ጋሼ የሰጡትን፣ ጋሼ የነገሩትን ያወጣል። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ጋሼ ይህን ባዩ!

ዓለምጸሐይ ለብቻዬ ጻፈችልኝ። «ዘኒ፣ አሁን ቤት መሰለ» አለችኝ። ለምን ጠፍታ እንደነበር ጠየቅኳት። «የተጣላሁት ሰው የለም። የእናቴን ቀፎ አወጣሁ፣ ማንም ምንም አላለኝም፣ አንዱ ብቻ ስንት ነው አለኝ። የዚያን ቀን ዝም አልኩ። ነገ ይጠሩኛል ስል አንድም ሰው አልጠራኝም። ከዚያ መመለሱ አሳፈረኝ» አለች።

ያን ቀን እኔ የት ነበርኩ? ሥራ በዝቶብኝ ይሆናል።

ኅዳር 19

የሻው ነገረኛ ነው። «መች ተቀበሩ?» አለኝ። አላውቅም አልኩት። «የት?» አላውቅም። «ማን ነገረሽ?» ልጃቸው። «ከዚያ ወዲህ ደውለሻል?» ኔትወርክ የለም አልኩት። «ለእኔ ትናንት ከወገዳ ደንበኛ ደውሎልኛል እኮ» አለ። ሰው ኀዘን ላይ ሆኖ እንዲህ ይመረመራል? ምሳ ሳልበላ ዋልኩ።

ማታ የጋሼ ስም አጠገብ «ኦንላይን» የሚል አየሁ። ክው አልኩ። ሜላት ትሆናለች የከፈተችው። የአባቷን ስልክ ማየት ናፍቋት ነው፣ የኔ ምስኪን።

ኅዳር 24

ግሩፑ ውስጥ የጋሼ ካርቶኖች ነገር ተነሣ። አብርሃም ነው ያነሣው፣ ክፉ አስቦ አይደለም። ቤተሰቡ ቆሻሻ ነው ብሎ ያቃጥለዋል ብሎ ፈርቶ ነው። አንዱ ለሙዚየም ይሰጥ አለ፣ ሌላው እንከፋፈለው አለ። እኔ አድሚን ስለሆንኩ ነገሩን ያዝኩት። የሜላት ቁጥር የለኝም፣ በጋሼ ስልክ መልእክት ላክሁላት። «እግዚአብሔር ያጽናሽ እኅቴ። የአባትሽን ካርቶኖች እርጥበት እንዳይነካቸው አደራ። ለእኛ ቢሰጡ ፈቃዳቸው እንደሚሆን አምናለሁ።»

ለየሻው አነበብኩለት። «ለቅሶ ሳትደርሺ ካርቶን ትጠይቂያለሽ?» አለኝ። እንዲህ ሲለው አስቀያሚ ይመስላል። እኔ ግን እንደዚያ አላሰብኩትም።

ታኅሣሥ 8

ሁሉንም ልጻፈው።

ጠዋት አንዲት ልጅ መጣች፣ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። ያለቀ የግፊት ኪኒን ልጣጭ አሳየችኝና «እንደዚህ ያለ አለሽ? ለአባቴ ነው፣ ወገዳ ጠፋ» አለች። ከመደርደሪያው ሳወርድላት፣ «እትየ ዘነበች ማለት አንቺ ነሽ?» አለችኝ። ነኝ አልኳት። «ሜላት ነኝ፣ የጥበቡ ልጅ። አባየ ሰላም በይልኝ ብለዋል።»

ተቀመጥኩ። ወንበር መኖሩን አላየሁም፣ የግሉኮስ ካርቶን ላይ ነው የተቀመጥኩት።

«አርፈዋል አላልሽኝም?»

«በስመ አብ! አረፍ ብለዋል ነው ያልኩሽ። ሌሊቱን ራሳቸውን ሲያማቸው አድሮ ያን ሰዓት ገና ጋደም ማለታቸው ነበር። በኋላ ደውይላቸው ልልሽ ስል ተቆረጠ።»

አረፍ ብለዋል። አርፈዋል። «ብለ»ን ኔትወርኩ ዋጣት፣ እኔ ደግሞ ሰውየውን ዋጥኳቸው። እንኳን አሉ! እንኳን አሉ ብዬ እጇን ይዤ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። የሻው ከጓዳ ወጥቶ ሻይ አመጣልን።

ለምን መልሳ እንዳልደወለች ጠየቅኳት። «ልደውል ስል ከለከሉኝ» አለች። ያን ሳምንት ወገዳም ዳታ መጥቶ ኖሯል። ጋሼ ሁሉንም አንብበውታል። «መጀመሪያ ሳቁ። ‹ኑ፣ ስሞት እንዴት እንደምወደድ ስሙ› ብለው ጎረቤት ጠርተው አነበቡላቸው። የካርቶኑ ወሬ ጋ ሲደርሱ መነጽራቸውን አወለቁ። ያንቺም መልእክት እሳቸው እጅ ላይ ነው የገባው።» አፈር ልብላ! «ከዚያ ‹ሳለሁ ጥበቡ የት ገባ ያለኝ የለም። ስሞት ሁሉም መጣ። እንግዲያስ እንደሞትኩ ልቅርላቸው› አሉ።»

«ተቀይመዋል?»

«እንጃ እትየ። እሳቸው ሲቀየሙም ይቀልዳሉ።»

ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ እደውልላቸውማለሁ፣ ንገሪያቸው አልኳት። እሺ ብላ ሄደች።

ማታ ጽፌ ልልክ ስል ዓለምጸሐይ ያቺን የእናቷን ቀፎ እንደገና አወጣቻት። ሁሉም ተረባርቦ ያያል፣ ይጠይቃል፣ እሷም ደስ ብሏት ስለ እናቷ ትጽፋለች። በዚህ መሐል «ተሳስቼ ነው፣ አልሞቱም» ልበል? አጠፋሁት። ነገ።

ታኅሣሥ 12

ለመደወል ስልኩን አንሥቼ መልሼ አስቀመጥኩ። ምን ብዬ ልጀምር? «ጋሼ፣ ሞቱ ብዬ አስወርቼብዎት ነበር፣ እንዴት ሰነበቱ?»

ደግሞስ እንደሞትኩ ልቅርላቸው ያሉት ራሳቸው አይደሉም? የሽማግሌ ቃል ይከበራል።

ታኅሣሥ 16

የሻው፦ «ነገርሻቸው?»

እኔ፦ «ኔትወርክ የለም።»

የሻው፦ «አሁን ስልክሽን ይዘሽ ስትስቂ የነበረው ታዲያ በምንድን ነው?»

ስለ ካርቶኑ ብቻ ተዉት ብዬ ጻፍኩ። ቤተሰቡ ያስቀምጠዋል አልኳቸው። አብርሃም «ትክክል ነሽ፣ ይቅርታ» አለ። ሰው ለሰው እንዲህ ሲሆን ካየሁ ስንት ጊዜዬ ነው። አሁን ብናገር አብርሃም ያን ሁሉ ያለቀሰው ሰውዬ ፊቱን የት ያደርጋል? ወጥቶ ይቀራል። ዓለምጸሐይም ትወጣለች። ሁለተኛ አይመለሱም። እኔስ ማታ ቤቴ ገብቼ ማንን ላናግር ነው?

ለአርባው ብዙ ነገር አስበዋል። ከአርባው በኋላ እነግራቸዋለሁ። ማርያምን።

ታኅሣሥ 23

አርባ። ሰው ሁሉ ባለበት ሆኖ አንዲት የክብሪት እንጨት ጭሮ በቪዲዮ ላከ። ከጎንደር፣ ከደብረ ታቦር፣ ከባሕር ዳር፣ እጅና እሳት ብቻ። እኛ ባዶ ቀፎ ስንለቅም የኖርን ሰዎች አንድ ቀን እንኳ አብረን ክብሪት ጭረን አናውቅም ነበር። እኔም ጫርኩ። ሁለቴ ጠፋብኝ። «አድሚናችን እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ የሰበሰብሽን አንቺ ነሽ» አሉኝ።

ጋሼ ኦንላይን ነበሩ። አሁን ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ቆይተው ወጡ።

ታኅሣሥ 29

ገና። እንኳን አደረሰዎ ልላቸው ቁጥሩን አወጣሁ። ከገና በኋላ ይሻላል። በዓሉን በሰላም ይዋሉ።

የሻው ስለ እሳቸው መጠየቅ ትቷል። ሲጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 5

ሜላት ደወለች። ዛሬ መስመሩ ጥርት ያለ ነበር።

«እትየ፣ አባየ ዐረፉ። ይሰማሻል በደንብ?»

ይሰማኛል አልኳት።

ጥር 6፣ ወገዳ

መኪና ነበር። መንገዱም ክፍት ነበር። ለካ ሲሄዱበት ይሄዳል።

ቀብር አልደረስኩም፣ ለቅሶ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ «ምናቸው ነሽ?» አሉኝ። እህ ብዬ ልጩህ ብል ድምፅ አልወጣኝም። እንባዬን ኅዳር ላይ ጨርሼው ኖሯል። ሴቶቹ ያያሉ። ደረቅ ሴት፣ ምን ልትሠራ መጣች ብለዋል፣ አልፈርድባቸውም።

ፎቷቸውን ግድግዳው ላይ አየሁ። ቀጭን ናቸው። በድምፃቸው ወፍራም ሰው ይመስሉኝ ነበር።

ሜላት ወደ ጓዳ አስገባችኝ። ንገሪኝ ሳልላት ነገረችኝ፣ ልትጎዳኝ ብላ አይደለም፣ ሰው የሞተበት እንደሚያወራው ነው። «ካንቺ ዘንድ ስመለስ ዛሬ ትጽፋለች አልኳቸው። ራት ሳይበሉ መነጽራቸውን አድርገው ጠበቁ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ‹ስልኩን አምጪልኝ› ይላሉ። ያዩና ‹ዛሬም አላስነሣችኝም› ብለው ይስቃሉ። ሞቱ ብለሽ በጻፍሽው ላይ ‹ድምፅዎን አንዴ ብቻ ብሰማ› ያልሽው የለም? እሷን ደጋግመው ያነቧታል። ‹ልጅቱ ድምፄን ትፈልጋለች፣ ትደውላለች› ይሉኛል። ስልኩን ከትራሳቸው ሥር አያወጡትም ነበር፣ ቻርጁ እንዳያልቅ እንኳ እየተጠነቀቁ። እንደሞትኩ ልቅር ያሉት እኮ፣ እትየ፣ አይ፣ ኑር እንድትሏቸው ነው።»

«አንቺስ ለምን አልደወልሽልኝም?» አልኳት።

«ልደውል? ብዬ ጠየቅኳቸው። ‹ለምኖ የሚነሣ ሙት የለም› አሉኝ።»

ካርቶኖቹን ልስጥሽ አለችኝ። እንደዚያ ብላችኋል እኮ አለችኝ። እግሯ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። አልወሰድኩም።

ጥር 9

ከወገዳ ከተመለስኩ የሻው ሥራ ግቢ አላለኝም። ዛሬ ራሴ ገባሁ። ወንበሩን ሳበልኝ።

ከሰዓት በኋላ ለግሩፑ ጻፍኩ። አላሳመርኩትም። ጋሼ ጥበቡ ያረፉት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ኅዳር ላይ የነገርኳችሁ ስሕተት ነበር፣ ስሕተት መሆኑን ካወቅሁ ወር አልፎኛል፣ የጻፋችሁትን ሁሉ አንብበውታል፣ አርባቸውንም አይተዋል። ላክሁት።

ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልሰደበኝም። አብርሃም ወጣ። ሌሎቹም ወጡ፣ አንዱ ሌላውን እንዳይቀሰቅስ የሚጠነቀቅ ይመስላል። ቆይታ ዓለምጸሐይ ጻፈች።

«ያን ሁሉ ጊዜ ነበሩ?»

«ነበሩ» አልኳት።

«እና አንድ ቀን እንኳ አልደወልሽላቸውም?»

አልደወልኩላቸውም ብዬ ጻፍኩላትና እኔም ወጣሁ።